የቆላ ወባ፣ «ደፊ» የተባለው የደም ምልክትና የውሃ አባቱ ጂን

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ጋቢውን አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርጋል። ከደጋው ብርድ ወጥቶ ወደ ይፋት ቆላ መግባቱ ነውና። የሮቢ ወንዝ መስኖ፣ የሽንኩርቱና የማሾው ማሳ፣ የግመሉ ጉዞ ሁሉ ሌላ አገር እንደገባ ይነግሩታል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ወሬ ከጀመረ ደግሞ አንድ ነገር ሳይሰማ አይነሣም። ይኸውም «ወባ የሚጥለው እናንተን ደገኞቹን ነው እንጂ የቆላ ተወላጅ ደሙ ስለለመደው አይነካውም» የሚለው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከእኛ ከዕጩ መምህራን መካከል ብዙዎቻችን የመንዝ፣ የአንኮበርና የደብረ ብርሃን ዙሪያ ልጆች ነን። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ አጣዬ ወይም ሰንበቴ ልንመደብ እንችላለን። እዚያ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የወባውም ወራት አብሮ ይከፈታል፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከክፍል የሚቀረው ተማሪ ብዙ ነው። ያን ጊዜ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እውነት የእኛን ደም ወባ አይዘውም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «ሐሰት ነው» ብሎ መቁረጥ ይቀላል። ነገሩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ከንግግሩ ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ያቺ እውነት ደግሞ በባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ ካሉት ታሪኮች ሁሉ ለእኔ ከምታስደንቀኝ አንዷ ናት። ሐሰቱ ግን ሕፃን ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት የአስተማሪ ሥራ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩትንና የተማርኩትን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ «ለመደው» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሰው በተደጋጋሚ ወባ ሲይዘው ሰውነቱ ተህዋሲውን በከፊል መቋቋም ይማራል። ይህ ግን በኑሮ የተገኘ መከላከያ እንጂ በዘር የሚወረስ አይደለም። ሕፃን ይዞት አይወለድም (ከእናቱ የሚያገኘው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው)፤ አዋቂውም ለረጅም ጊዜ ሳይያዝ ከቆየ ይዳከምበታል። ከዚህም ሌላ በአገራችን ወባ ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚነዛ ሳይሆን ወቅት ጠብቆ፣ አንዳንድ ዓመት አይሎ አንዳንድ ዓመት ቀንሶ የሚመጣ በመሆኑ፣ ትልቁም ትንሹም በቂ መከላከያ ሳያዳብር ይቀራል። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በቅርቡም ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ለምዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ እውነቱ የት አለ? እሱን ለማግኘት ወባን በጅምላ ማየት ትተን ዓይነቶቹን መለየት ይኖርብናል። በኢትዮጵያ ሰውን በብዛት የሚያጠቁት የወባ ተህዋሲዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ሲሆን በፍጥነት የሚገድለው በዋናነት እሱ ነው። ሁለተኛው ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና የሚነሣ ተንኮለኛ ነው፤ «የዳነው ንዳድ ተመለሰብኝ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የእሱ ሥራ ነው። ሮቢትና አካባቢዋ ሁለቱም አሉ። የምንተርከው ታሪክ የቫይቫክስን ብቻ ይመለከታል፤ ይህን አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ።

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ትንኙም ሙቀቱም ሞልቶ ሳለ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ እምብዛም አይገኝም። በአሜሪካም ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች የቂጥኝን የአንጎል ሕመም በትኩሳት ለማከም ብለው ሆን ብለው ወባ ያስይዙ ነበር። (ዛሬ ለጆሮ ይከብዳል፤ ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ግን የተለመደ ሕክምና ነበር።) ታዲያ ትውልዳቸው ከምዕራብ አፍሪካ የሆነ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት ቫይቫክስ አልይዛቸው አለ። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሄሞፊሊያ የሚባል ደም የማይረጋበት ሕመም ያለበትና በተደጋጋሚ የሌላ ሰው ደም የተሰጠው አንድ በሽተኛ ደሙ ሲመረመር፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኝ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ምልክት ተገኘ። ምልክቱም በበሽተኛው ስም «ደፊ» ተባለ። ስሙ በአማርኛ አንድ ነገር የሚደፋ ሰው ቢመስልም የቤተሰብ ስም ነው። ይህ ምልክት ያላቸው ሰዎች «ደፊ ፖዘቲቭ»፣ የሌላቸው «ደፊ ኔጌቲቭ» ይባላሉ። እንደ ኤ፣ ቢና ኦ የደም ዓይነት ያለ ሌላ አከፋፈል ነው ማለት ነው። ከዚያም በ1976 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና የባልደረቦቹ ጥናት ነገሩን ገለጠው። ቫይቫክስ በተሸከሙ ትንኞች እንዲነከሱ ከተደረጉት 17 ፈቃደኞች መካከል ወባው ያልያዛቸው አምስት ብቻ ነበሩ፤ አምስቱም ደፊ ኔጌቲቭ ናቸው። ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ለመግባት ደፊን እንደ በር እጀታ ይይዘዋል። እጀታ የሌለው በር ላይ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። «ደፊ ኔጌቲቭ ሰው የደፊ ጂን የለውም፣ ጂኑ ተበላሽቷል» ብሎ መደምደም ይቻል ነበር። ሆኖም እንዲህ አልነበረም። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ደፊ ኔጌቲቭ ሰዎች ጂን ሲነበብ ፕሮቲኑን የሚያዘው ክፍል ሙሉና ጤነኛ ሆኖ ተገኘ! ይባስ ብሎ እነዚሁ ሰዎች በደም ሥራቸው ግድግዳ ሕዋሳት ላይ የደፊ ፕሮቲን አላቸው። የሌላቸው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጂን፣ በአንድ ሰው ውስጥ፣ እዚህ ይሠራል እዚያ አይሠራም። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

እዚህ ላይ ቆም ብለን መሠረቱን እንያዝ። በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት፣ የጉበቱም፣ የቆዳውም፣ የዓይኑም፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት የዲኤንኤ ጽሑፍ አላቸው። ይህ ጽሑፍ በአራት ፊደላት የተጻፈ ነው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን። ለአጻጻፍ እንዲያመች አ፣ ታ፣ ጓ፣ ሳ እንበላቸው። የፊደላቱ ብዛት 3 ቢሊዮን ያህል ነው፤ በዚያ ውስጥ ፕሮቲን የሚያዝዙት ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው። ጽሑፉ አንድ ከሆነ ታዲያ ጉበት ጉበት፣ ዓይን ዓይን የሆነው በምንድን ነው? ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ ሕዋስ የትኞቹን ጂኖች ከፍቶ እንደሚያሠራ፣ የትኞቹንም ዘግቶ እንደሚያስቀምጥ ነው። ይህም የጂን አሠራር ቁጥጥር ይባላል።

በሮቢትና በአካባቢው የመስኖ እርሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በዋናው ቦይ ይሄዳል። በቦዩ ዳር ብዙ ማሳ አለ። ማሳ ሁሉ ዘሩን ይዟል፤ ግን ውሃ ካልገባበት አይበቅልም። ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነው። የውሃ አባቱ በቦዩ ዳር እየሄደ፣ የማሳውን ምልክት እያየ፣ ተራው የደረሰውን አፉን ይከፍትለታል። አሁን ማሳው ጂን ነው እንበል። የማሳው አፍ፣ ማለትም ምልክቱ የቆመበት ቦታ፣ ከጂኑ በፊት ያለው የመነሻ ጽሑፍ ነው፤ ፕሮሞተር ይሉታል። የውሃ አባቱስ ማነው?

ለቀይ የደም ሕዋስ የውሃ አባቱ ጋታ-1 የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የሚያዝዘውም ጂን በዚሁ ስም ይጠራል። በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ከዶሮ ሌላው ከአይጥ፣ ጂኑን ለይተው አወጡት። በሰው ላይ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ነው። ፕሮቲኑ 413 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ ዚንክ የያዙ ሁለት ጣት መሰል እጥፋቶች አሉት። በእነዚህ ጣቶች ዲኤንኤውን እየዳሰሰ «ጓአታአ» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ ይይዛል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው፤ በላቲን ፊደል የአራቱ ፊደላት አጠራር ሲገጣጠም «ጋታ» ይላል። በያዘበት ቦታ ሌሎች ረዳት ፕሮቲኖችን ሰብስቦ ጂኑ እንዲነበብ ያደርጋል።

ይህ ሥራ የሚከናወነው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ ስለሌለው ጂን ከፍቶ የሚያነብበት ዕድል የለውም። በደም ሥር የሚዞርባቸው 120 ቀናት ገደማ ሁሉ መቅኒ ውስጥ እያለ ተሠርቶ የተሰጠውን ስንቅ ይዞ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑም፣ ደፊውም፣ ሌላውም ሁሉ አስቀድሞ በጋታ-1 ትእዛዝ መዘጋጀት አለበት። ጋታ-1 የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ሲሞከሩ ከ10 እስከ 11 ቀን ባለው ዕድሜያቸው ደም አጥተው ሞተዋል። የውሃ አባት የሌለው መስኖ ማለት ያ ነው።

አሁን ወደ ደፊ እንመለስ። በ1995 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች የደፊ ኔጌቲቭ ሰዎችን ጂን መነሻ አንብበው አንዲት ፊደል ብቻ እንደተለወጠች አገኙ። ታይሚን መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ሳይቶሲን ተጽፏል። በጂኑ ገመድ ላይ «ታአታሳ» የነበረው «ታአሳሳ» ሆኗል። አንባቢ «ጓአታአ ያልከው የት ሄደ?» ሊለኝ ይችላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ዲኤንኤ ጥንድ ገመድ መሆኑን እናስታውስ። በአንዱ ገመድ አ ካለ ፊት ለፊቱ ታ አለ፤ ጓ ካለ ፊት ለፊቱ ሳ አለ። ሁለቱ ገመዶች የሚነበቡት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። እንግዲህ «ታአታሳ»ን ከፊት ለፊቱ ገመድ፣ ከኋላ ወደፊት ብታነቡት «ጓአታአ» ይሰጣችኋል። የተለወጠውን «ታአሳሳ»ን እንደዚሁ ስታነቡት «ጓጓታአ» ይሆናል። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ብትሞክሩት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ከመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ በእጄ ስጽፈው ነው የገባኝ።

ጋታ-1 «ጓጓታአ»ን አያውቀውም። ስለዚህ አልፎት ይሄዳል። ማሳው ዘሩን እንደያዘ፣ አፈሩ ሳይበላሽ፣ ምልክቱ ስለተነቀለ ብቻ ደርቆ ይቀራል። ነገር ግን ያው ማሳ በሌላ ወገን፣ በሌላ ቦይ በኩል ሁለተኛ አፍ አለው እንበል። ያኛው ቦይ የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ ነው። እዚያ የሚያዝዙት ሌሎች የውሃ አባቶች ስለሆኑና የሚፈልጉት ምልክት ሌላ ስለሆነ በእነሱ በኩል ውሃው ይገባል። አንድ ሰው በደም ሕዋሱ ላይ ደፊ ሳይኖረው በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የሚኖረው ለዚህ ነው። ከ3 ቢሊዮን ፊደላት አንዷ ተለውጣ አንድን የወባ ዓይነት ከብዙ አገር አስቀርታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ይህ ለውጥ የሌለበት ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነውና።

አንድ ነገር ሳይለይ እንዳይታለፍ። የማሳው ምልክት ሲነቀል የሚጎዳው ያ ማሳ ብቻ ነው። የውሃ አባቱ ራሱ ሲታመም ግን ጉዳቱ የሁሉም ማሳ ነው። በራሱ በጋታ-1 ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ከባድ የደም ማነስና የደም መርጊያ ሕዋሳት እጥረት ያመጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የቤተሰብ ሕመም ተገልጿል፤ ያ ለውጥ ጋታ-1 ከዋና ረዳቱ ጋር እንዳይያያዝ የሚያደርግ ነበር። ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ ይበልጥ የሚጎዱት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ሴት ልጅ ሁለተኛ ኤክስ ስላላት መጠባበቂያ አላት። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸውን ሕፃናት ከሚይዘው የደም ካንሰር አንዱ ዓይነት በጋታ-1 ላይ ከሚደርስ ለውጥ ጋር መያያዙ ታወቀ። ደፊ ኔጌቲቭ መሆን ግን በሽታ አይደለም። እንዲያውም ሐኪሞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ባሕርይ ብቻ አለው፤ እነዚህ ሰዎች ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥራቸው በአውሮፓውያን ልክ ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ያንሳል። ጤነኛ ሳሉ «ነጭ ደምህ አንሷል» ተብለው ብዙ ምርመራ የተደረገላቸው ጥቂት አይደሉም። ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም ይህ ታይቷል።

አሁን ጥያቄው ወደ አገራችን ይመጣል። ኢትዮጵያ የምዕራብ አፍሪካን አትመስልም። እዚህ ደፊ ፖዘቲቩም ደፊ ኔጌቲቩም ጎን ለጎን ይኖራል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከኅብረተሰቡ ከተመረመሩት ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ደፊ ኔጌቲቭ ሆኖ ተገኝቷል። ቀሪው ሁለት ሦስተኛ በሩ ክፍት ነው፤ ቫይቫክስም በአፍሪካ ውስጥ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ የሆነችው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ለባዮሎጂ ክፍል ጓደኞቼ ትንሽ ስሌት ላስገባ። ደፊ ኔጌቲቭ ለመሆን የተለወጠውን ጽሑፍ ከአባትም ከእናትም መውረስ ያስፈልጋል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ ሰው ደፊ አለው፤ መጠኑ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከሦስት ሰው አንዱ ኔጌቲቭ ከሆነ የተለወጠው ጽሑፍ ድርሻ የአንድ ሦስተኛ ካሬ ሩት ነው፤ ማለትም 0.58 ያህል። ያልተለወጠው 0.42 ይሆናል። አንዱን ብቻ የተሸከሙት 2 ጊዜ 0.58 ጊዜ 0.42፣ እሱም 0.49 ገደማ፤ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ማለት ነው። (ጋብቻው ያለ ምርጫ የሆነ እንደሆነ ነው ይህ የሚሠራው፤ የሒሳብ መምህሮቻችን ይታገሡኝ።) ሁለት እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎች ቢጋቡ ከአራት ልጆች አንዱ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድል አለው። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ ከአንድ ትሪ የሚበሉ እህትና ወንድም ደማቸው በዚህ ሊለያይ ይችላል። «የዚህ አገር ሰው»፣ «የዚያ ነገድ ደም» የሚባለው ንግግር እዚህ ላይ ይወድቃል። በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ተሰብስቦ ሳለ ማን ደፊ ፖዘቲቭ ማን ኔጌቲቭ እንደሆነ በመልክ፣ በልብስ፣ በተወለደበት ቀበሌ ለይቶ የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ በየጤና ጣቢያውም የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

ታሪኩ ግን በዚህም አላበቃም። መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት «ደፊ ኔጌቲቭ ሰው ቫይቫክስ አይዘውም» ብለው ቁርጥ አድርገው ጽፈዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ይህን አናጋው፤ ደፊ ኔጌቲቭ ሆነው ቫይቫክስ የታመሙ ሰዎች ተገኙ። በ2013 እ.ኤ.አ. የእኛም አገር ተራ ደረሰ፤ በኢትዮጵያ ደፊ ኔጌቲቭ በሆኑ ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ መገኘቱ ታተመ፤ የጅማውም ጥናት አረጋገጠው። ቁጥራቸው ከደፊ ፖዘቲቮቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በደማቸው የሚገኘውም ተህዋሲ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ቢሆንም «አይዘውም» የሚለው ቃል ከእንግዲህ አይሠራም።

እንዴት ገባ? በሩ እጀታ የለውም አላልንም ወይ? አንዱ መልስ በ2023 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን እንደገና ወደ መቅኒው ይመልሰናል። ደፊ ኔጌቲቭ በሆኑ ሰዎች መቅኒ ውስጥ፣ ገና በመሠራት ላይ ባሉ፣ ኒውክለሳቸውን ባልጣሉ የቀይ ደም ሕዋሳት ላይ ደፊ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ ታየ። የውሃ አባቱ ቢያልፈውም ማሳው በጠብታ አልፎ አልፎ ይረጥባል ማለት ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ይበልጥ የሚወደው ወጣት ሕዋስ ስለሆነ በደም ሥር ሳይታይ መቅኒ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። የጂን ቁጥጥር እንደ ቤት መብራት ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል የሚባል ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ብዛት አለው፣ ጊዜ አለው፣ ቦታ አለው።

መጀመሪያ ላይ አደራ ያልኩትም ነገር አለ። ፋልሲፓረም ደፊን አይፈልግም። እሱ የሚገባባቸው በሮች ሌሎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የሮቢት ልጅ ከአባቱም ከእናቱም የተለወጠውን ጽሑፍ ወርሶ ፍጹም ደፊ ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ፣ ገዳዩ ወባ በሩን ሳያንኳኳ ይገባበታል። «የቆላ ልጅ ነው፣ ደሙ ብርቱ ነው፣ ይተወዋል» ተብሎ ሁለት ቀን ቤት የተኛ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ሊገኝ ይችላል። ትኩሳት የያዘው ተማሪ ደገኛም ይሁን ቆለኛ፣ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ሄዶ ከጣቱ ደም ሰጥቶ መመርመር አለበት። ምርመራው የትኛው ዓይነት እንደሆነም ይለያል፤ የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለምና።

ይህን ትምህርት በክፍል እንዴት እናቅርበው? በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ልጅ በእጁ ካልነካው አይይዘውም። ያሰብኩት እንዲህ ነው። የሚያስፈልገው አሮጌ ካርቶን፣ ከሰልና ገመድ ብቻ ነው። ገመዱ በክፍሉ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ዋናው ቦይ እሱ ነው። አራት ተማሪዎች በገመዱ ዳር ማሳ ሆነው ይቆማሉ፤ አንዱ ሄሞግሎቢን፣ አንዱ ደፊ፣ ሌሎቹ ሁለቱ መምህሩ የመረጣቸው ጂኖች። ሄሞግሎቢንና ደፊ እግራቸው ሥር «ጓአታአ» የተጻፈበት ካርቶን ያኖራሉ፤ አንደኛው ማሳ ደግሞ ሆን ተብሎ ሌላ ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ የጉበት ጂን ነው እንበለው። አንድ ተማሪ የውሃ አባት ሆኖ፣ በእጁ «ጓአታአ» የሚል ካርቶን ይዞ በገመዱ ዳር ይሄዳል። ጽሑፉ የገጠመለት ማሳ ላይ ሲደርስ ትከሻውን ነካ ያደርገዋል፤ የተነካውም የሚሠራውን ፕሮቲን ጮክ ብሎ ይናገራል። የጉበቱ ጂን ዝም ይላል። ልጆቹ ለምን ዝም እንዳለ ይጠየቁ፤ መምህሩ ቶሎ አይመልስላቸው።

ቀጥሎ የደፊ ካርቶን ተነሥቶ «ጓጓታአ» ይተካል፤ የውሃ አባቱም እንደገና ከመጀመሪያው ይሄዳል። ደፊ የሆነው ልጅ አፉን ለመክፈት ሲዘጋጅ ታልፎ ይቀራል። እዚህ ላይ መሳቃቸው አይቀርም፤ ይሳቁ። ልጁ ራሱ ግን እንዳልተለወጠ፣ ቃሉንም እንዳልረሳ ክፍሉ ሁሉ እንዲያይ «ቢነካህ ምን ትል ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ከዚያ ሁለተኛ ገመድ በልጁ ጀርባ በኩል ይዘርጋ፤ ይህ የደም ሥሩ ግድግዳ ነው። በዚያ ገመድ ዳር ሌላ የውሃ አባት፣ ሌላ ካርቶን ይዞ፣ ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ይንካው። «ደፊ!» ብሎ ሲጮኽ፣ ቅድም ዝም ያለው ልጅ አሁን ለምን እንደተናገረ የሚያስረዳ ተማሪ ከክፍሉ አይጠፋም። ቀሪው ክፍለ ጊዜ ለፋልሲፓረም ይሁን፤ አንድ ልጅ ፋልሲፓረም ሆኖ ሁለቱንም ገመድ ተሻግሮ፣ የደፊን ካርቶን ሳያይ፣ በቀጥታ ሄዶ መቀመጫው ላይ ይቀመጥ።